የዘጌው አንቴና

ዘይነት ሰላህ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ የጨርቅ ሱቃቸውን ትረከባለች ብለው ነበር፤ እሷ ግን ኔትወርክ ተምራ ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ቴክኒሻን ሆና ተቀጠረች።

ትልቁ ሥራዋ ለገመድ አልባ ግንኙነት ምርምር የሚሆን የሙከራ መረብ መዘርጋት ነበር። በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ሳጥን ሰቀለች። በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተርና የሬዲዮ ካርድ አለ፤ ከላዩ አንቴና፣ ከሥሩ ወደ ቤተ ሙከራው የሚወርድ ገመድ። ተመራማሪዎቹ ሬዲዮውን እንዳሻቸው ሲቀያይሩት ሳጥኑ አንዳንዴ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ያኔ ዘይነት በገመዱ በኩል ገብታ አጥፍታ ታስነሳዋለች።

ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሳጥን ግን ገመድ አልነበረውም። ሞገድ በውኃ ላይ እንዴት እንደሚጓዝ ለማጥናት ባልደረቦቿ የተከሉት ነው። እሱ ሲደርቅ የምትደውለው ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ለአቶ ዳኘው ነበር፤ እሳቸው ማብሪያውን አጥፍተው ያበሩላታል። በድምፅ እንጂ በዓይን አይተዋወቁም ነበር።

መጋቢት ላይ የዘጌው መስመር ማስቸገር ጀመረ። ጠዋት ደህና ይሆንና ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል። ጥናቱን የያዘችው ሔራን የምትባል ተማሪ ልኬቷ እየተቆራረጠ ስለተበላሸባት በየጊዜው እየመጣች ትጠይቃለች። ዘይነት ጨነቃት። ለአቶ ዳኘው ደወለችና ምናልባት ጣሪያውን ሲያጸዱ አንቴናውን አዙረውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ የሰው ዕቃ አልነካም» አሉና ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ብትደውል አላነሡም።

ነገሩ ከነከናትና በሞተር ጀልባ ዘጌ ተሻገረች። አቶ ዳኘው በደረቁ ሰላም ብለዋት መሰላሉን ያዙላት። ጣሪያው ላይ ወጥታ የአንቴናውን ማሰሪያ በመፍቻ ብትሞክረው አልንቀሳቀስ አለ። ብሎኑ ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ከተሰቀለ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ወርዳ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ ዳኘው፣ ሳላጣራ ጠረጠርሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሥራሽ አስጨንቆሽ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ወንበር አምጥተውም ጥላ ሥር አስቀመጧት።

እዚያው ላፕቶፗን ከፍታ ልኬቱን ስታይ ዋለች። ቀኑ ሲሞቅ ከውኃው ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ በቀጥታ የሚመጣውን እያዳከመው ነበር። ሌላ ቀን ተመልሳ ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጋ ሁለተኛ አንቴና ሰቀለች፤ አንዱ ሲያጣ ሌላው እንዲቀበል። መስመሩ ጨርሶ ባይስተካከልም ለሔራን ጥናት በቃ።

ክረምት ላይ አቶ ዳኘው ራሳቸው ደወሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል፤ ከተማው ውስጥ ግን ዘመድ የላቸውም። ዘይነት ጀልባ ማረፊያው ድረስ ሄዳ ተቀበለቻቸው። ከሕክምናው በኋላም ከአክስቷ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ወሰደቻቸው። ፍልሰታ ስለነበር አክስቷ የጾም ሽሮ ሠሩላቸው፤ እራት ላይ ሁለቱ አዛውንቶች ስለ ወረታ ገበያ ሲያወጉ አመሹ። ጠዋት ዘይነት አቶ ዳኘውን በዘጌ ጀልባ አሳፍራ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።