አምስት ሰው ይበቃታል

ፍራሽ አዳሹ ጃርሶ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰርበታል። ሌሎቹ ፍራሽ አዳሾች ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ እየጮኹ ሥራ ሲፈልጉ፣ እሱ ጥጥ የሚመታበትን ዱላ ትከሻው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያልፋል። የሚፈልገው ሰው ራሱ ሮጦ ይጠራዋል። ስብሰባ ላይ ተነስተህ ተናገር ከተባለማ ላብ ያጠምቀዋል።

ይህን ዓይናፋር ሰው የልደታ እድርተኞች ጥሩምባ ነፊ ብለው ሲመርጡት ያልሳቀ አልነበረም። ሆኖም ጥሩምባውን ከአፉ ሲያገናኝ ሌላ ሰው ይሆናል። ሰው የሞተ እንደሆነ ጎህ ሲቀድ ይነሳና በሦስቱ የመንደሩ መታጠፊያዎች ላይ ቆሞ ይነፋል፤ ከዚያም የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል። ሰው ከአልጋው ሆኖ «ማነው ደግሞ?» ይልና ነጠላውን ይፈልጋል። ጃርሶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ስም አሳስቶ አያውቅም።

ማጅራት ገትር ከተማውን ያስጨነቀበት ዓመት መጣ። ራዲዮው መስኮት ክፈቱ፣ አትተፋፈጉ አለ። ይህን የጠላ ሰው የለም፤ ሁሉም ለነፍሱ ይሳሳል። የቀበሌው ሰዎች ግን የራሳቸውን ጨመሩበት። የሥራ መታወቂያ የሌለው ከቤቱ አይውጣ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን አይጣል፣ ቀብር ላይ ከአምስት ሰው በላይ አይቁም አሉ። ይህን የሚያስፈጽመው የአብዮት ጥበቃው አለቃ ጓድ ገብረየሱስ ሆነ። እዚያው መንደር አፈር ፈጭቶ ያደገ፣ አሁን ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነው።

ዙሃራ የምትባለው ጎረቤት ለአራስ እህቷ ገንፎ ይዛ ሁለት ቤት ስትሻገር የገብረየሱስ ጠባቂዎች ያዟት። ገንፎውን መሬት ላይ ደፉት፤ እሷንም ቀኑን ሙሉ ቀበሌው ግቢ ፀሐይ ላይ አቆሟት። ሲደፉት ጃርሶ በዓይኑ አይቷል። ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣ አለው። ያ ገንፎ እሱ እንደበላው ሁሉ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ቀረ።

እሁድ ሲሆን ደግሞ ያው ገብረየሱስ በር እየደበደበ ሰውን ሁሉ ለስብሰባ አስወጣ። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም ተባለ። ሦስት መቶ ሰው ጠባቧ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ስለ በሽታው አደገኛነት ተነገረው። አንዲት አሮጊት፣ በሽታውም የቀበሌው ማኅበር አባል ሆኗል መሰለኝ፣ እዚህ አይነካንም ብለው አንሾካሾኩ። የሰሙት ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። ጃርሶ ግን አልሳቀም። ደሙ ፈልቶ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ወይዘሮ ጠጅቱ ሚደቅሳ ዐረፉ። የቆየ የልብ ሕመም ነው የገደላቸው፤ ማጅራት ገትር አልነካቸውም። ጠጅቱ ማለት የመንደሩን ሴት ሬሳ ሁሉ አጥበው የገነዙ ሰው ናቸው። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ራስጌው ተቀምጠው እንደ እናት ያለቅሱለታል። የማንም ቀብር ቀርተው አያውቁም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ጴጥሮስ ወዲያው ገብረየሱስ ዘንድ ሄደው ለመኑት። የሰጣቸው መልስ ይህ ነው፦

«አምስት ሰው ይበቃታል። ጥሩምባ እንዳልሰማ።»

አቶ ጴጥሮስ ይህን ለጃርሶ ቤቱ መጥተው ሲነግሩት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው። ተወው፣ የልጆች አባት ነህ አሉት። የሟቿ ልጅ ሀረገወይን ግን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበርና የጃርሶን እጅ ያዘች።

«ጋሼ፣ እናቴ ስንቱን ቀብራ እሷ በአምስት ሰው ትጣል?»

ጃርሶ ጥሩምባውን ከምስማሩ ላይ አወረደና ወጣ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነፋ፤ የጠጅቱንም ስም ጠራ። ሁለት ሦስት በር ገርበብ አለ። ሁለተኛው ጋ ከመድረሱ በፊት ጠባቂዎቹ ደረሱበትና አንገትጌውን ይዘው እንደ ሌባ እየጎተቱ ቀበሌ ወሰዱት። ሌላው መንደር ገና ምንም አልሰማም።

ገብረየሱስ ጥሩምባውን ከእጁ ነጠቀው። «አንተ ሽማግሌ፣ ማን አዘዘህ?» አለው።

ጃርሶ ላቡ መጣ። ከዚያ ያ ጉሮሮው ላይ የቆመው ነገር ተነሳ መሰለኝ፣ አፉ ተከፈተ።

«ትናንት ሦስት መቶ አድርገህ አጉረኸን የለም እንዴ? በሽታው አዳራሽ አይገባም? መቃብር ላይ ብቻ ነው የሚጠብቀን?»

ገብረየሱስ በጥፊ መታውና የዕቃ ማከማቻ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጆንያ ላይ ጥሎ ቆለፈበት።

ገብረየሱስ ወደ ቢሮው ሲገባ ሁለቱ ጠባቂዎች ጥሩምባውን ይዘው ግቢው ውስጥ ቀሩ። ጃርሶ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያቸዋል። አንደኛው አገላብጦ አየው፤ ነፋው። እየሳቀ ለሁለተኛው ሰጠው። ሁለተኛው ጉንጩን ወጥሮ ነፋና የጃርሶን ድምፅ አስመስሎ፣ እየጎተተ፣ «ወይዘሮ ጠጅቱ ሚደቅሳ ዐርፈዋል» አለ። ደገመው። ጃርሶ በቁጣ ቆርቆሮውን በቡጢ መታ፤ እነሱም በዚህ ደስ ብሏቸው ለሦስተኛ ጊዜ ነፉ።

የቀበሌው ግቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ድምፁ እስከ ታች ይወርዳል። እዚያ መንደር ደግሞ በሞት ጥሩምባ የሚጫወት ሰው ኖሮ አያውቅም። ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበም የለም። ስለዚህ ሰው ጥሩምባው ከቀበሌ ግቢ ሲነፋ ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ገባው፤ ቀበሌው ፈቀደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ከየቤቱ ወጡ።

ገብረየሱስ ሁካታውን ሰምቶ ወደ በሩ ሲሮጥ መንገዱ ሞልቶ ነበር። ተመለሱ አለ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አቶ ጴጥሮስ ከፊት ነበሩ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይሰማል።

«ጓድ፣ የነፋችሁት እናንተ፤ የጠራችሁን እናንተ። ወዴት እንመለስ?»

ገብረየሱስ ዞሮ ሲያይ ጥሩምባው ገና በጠባቂው እጅ ላይ ነው። ሰዉም አየው። ዙሃራ ከመሐል፣ ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ፣ በጠጅቱ ነው የሚጫወቱት አለች። ማንም አልጮኸም፤ ግን አንድም እግር ወደኋላ አልተመለሰም። በመጨረሻ ጠመንጃው ወደ ትከሻ ተመለሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሬሳው በቀበሌው አጥር ሥር ወደ ልደታ ማርያም አለፈ። ሰዉ ራዲዮው እንዳለው ሳይተፋፈግ፣ ክንድ ለክንድ ተራርቆ ነበር የሚሄደው። በዚህም ምክንያት ሰልፉ ረዝሞ ማለቂያ አጣ። ጃርሶ ቆቡን አውልቆ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ አደረገ። የሀረገወይንን ልቅሶ ለየው። የሰዉ ኮቴ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ፣ ሲያልፍ እሱም አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ገብረየሱስ ወረቀት ይዞ መጣ። ከእንግዲህ አልነፋም ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ አለው። ጃርሶ ወረቀቱን አየው፤ ገብረየሱስንም አየው። በዚህ ጊዜ አላላበውም።

«ሰው ካልሞተ እኔ መች እነፋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እንዳይሞቱ አስፈርማቸው።»

ብዕሩንም ሳይነካ ተመልሶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።