ነፋስ የሌለበት አደን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬን ዝም አሰኘኋት።

ወገዳ ከተማ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ድኩላ ቅጠል ትቀነጥሳለች። ሳላስበው ጫማዬን አወለቅሁ። ወንበሩን ትቼ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ። አለቃዬ ማስተዋል «አያ ፈንታ፣ ቁልፉን የሚነኩት እንዲህ…» ስትል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!» ብዬ ገሠጽኳት።

ማስተዋል ዝም አለች። ሥዕሉን የሚሠራው ይትባረክም ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ደግሞ አመድ የቋጠርኩባትን ጨርቅ ከኪሴ አውጥቼ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማየት ብትን አደረግሁት። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ አመዱን ሳበው። ይትባረክ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በጥርስ ብሩሽ ሲጠርግ አረፈደ።

«አያ፣ ጌም ነው እኮ» አለኝ።

ይቺን ቃል ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማኋት። ሌላ ሰው ዛሬ ቢላት እንኳ ጆሮዬን ይበላኛል።

ሥራው ምን እንደነበር ልናገር። ማስተዋልና ይትባረክ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ ያጡ የስማዳ ልጆች ናቸው። በማኅበር ተደራጅተው በስልክ የሚጫወቱት የአደን ጌም ይሠራሉ። ቆላው፣ ገደሉ፣ ቁጥቋጦው ሁሉ የእኛው አገር ነው። አውሬውን የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ የአገሩ ሰዎች ወደ እኔ ላኳቸው። በወጣትነቴ አዳኝ ነበርኩ፤ አደን በፈቃድ ሲሆን ደግሞ የዱር እንስሳት ስካውት ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ግማሹን ዕድሜዬን የገደልኩትን በቀረው ዕድሜዬ ስጠብቅ ኖርኩ ማለት ነው። በሁለቱም ሥራ ጎበዝ ነበርኩ አልልም።

ማዕረጌ «አማካሪ» ተባለ። ለሚስቴ ስነግራት «ማንን ልታማክር? አንተ?» ብላ የያዘችውን ሰፌድ እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀች።

በመጀመሪያው ሳምንት የድኩላዋን ሥዕል አሳዩኝ። ራሷ ላይ እንደ ግራር ቅርንጫፍ የተንሰራፋ ቀንድ አላት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ድኩላ ናት፣ አያ።»

«ሴት ድኩላ ቀንድ የላትም። ወንዱም ቢሆን ዛፍ ተሸክሞ አይሄድም። በዚህ ቀንድ አንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ብትገባ እስከ ፋሲካ አትወጣም።»

ይትባረክ ከውጭ አገር ሥዕል እንደቀዳው አመነ። ቀንዱን አነሳው። በማግሥቱ ከርከሮ አመጣልኝ፤ ተጫዋቹ ሲገድለው «የከርከሮ ሥጋ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ሥጋውን ሲበላ ጉልበቱ ይጨምራል።

«የት አገር ሰው ነው ይሄ አዳኝ?» አልኩት።

«የስማዳ።»

«እናቱ ይሄን ታውቃለች?»

«አያ፣ ጌም ነው እኮ።»

ከሁሉም ያበገነኝ ግን ርቀቱ ነው። በእኛ አገር አዳኝ በመተኮስ ሥራውን አይጨርስም። አውሬዋ ስትወድቅ፣ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ በካራ መባረክ አለበት። ካልደረሰ ሥጋው በክት ነው፤ ክርስቲያን ቤት አይገባም። ስለዚህ ርቀትን የምንለካው በእግራችን ነበር። «እዚያ ብመታት ሮጬ እደርስባታለሁ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። አልደርስም ያለ ምንሽሩን ያወርዳል።

በጌሙ ውስጥ ሰውየው ከአንዱ ሸንተረር ሆኖ ማዶ ያለችውን ይመታል። ቱፍ! ሥጋው ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ያንን ሸለቆ ወርጄ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«በክት አበላችሁት!» አልኩ።

«ማንን?» አለች ማስተዋል።

«ተጫዋቹን ነዋ! ያውም ዓርብ ቀን ይሆናል።»

ማስተዋል እንደ ይትባረክ አትመልስም። ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። ነፋሱን አስገባችልኝ፤ ከነፋሱ በላይ የቆመ አዳኝ ጠረኑ ይደርስና አውሬዋ ታመልጣለች። ካራውንም አስገባች፤ ሮጦ ያልደረሰ ባዶ እጁን ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ሲመጣ እንደገና ይጀመራል። እኔም በየዕለቱ ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ መጫወት ቻልኩ።

አንድ ቀን ስጫወት ድኩላዋን ጭኗ ላይ መታኋት። እያነከሰች ሮጣ ከስክሪኑ ወጣች።

«የት ሄደች?» አልኩ።

«የትም አልሄደችም» አለ ይትባረክ። «ከስክሪን ስትወጣ ትሰረዛለች።»

«ደሟ እየፈሰሰ?»

«ከሜሞሪ ትወጣለች፣ አያ።»

ተነሣሁ። ኮፍያዬን አደረግሁ። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ምክንያቱም ውጭው ዝናብ ነበር። ግን የተመለስኩት ተቆጥቼ መሆኑን እንዲያውቁ ቆሜ ነው የተናገርኩት።

«ጻፊ» አልኳት ማስተዋልን። «ቀላ ብሎ አረፋ ያለው ደም ካየ የሳንባ ነው፤ ሩቅ አትሄድም። የጠቆረ ከሆነ የጉበት ነው፤ ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ካሳደዳት ትርቃለች። ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆነ ሆዷን ነው የመታት፤ ያን ቀን ቤት መግባትን አያስብ። እስኪያገኛት ድረስ ጠመንጃው ሌላ አውሬ ላይ አይተኩስ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ጽፋ ጨረሰችና ቀና አለች። «እርስዎ ያቆሰሉትን ሁሉ አግኝተዋል?»

«ሁሉንም» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ዝናቡም እንደ ቁጣዬ ሁሉ አባራ፤ መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም።

ሥራውን «ፍለጋ» አሉት። ሁለት ወር ፈጀ። ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር፤ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ የደም ጠብታ ይከተላል፤ ዱካው ድንጋይ ላይ ሲጠፋ ዞሮ ይፈልጋል።

ከዚያ ደንበኛው መጣ። ጌሙን የሚያሰራጭልን ሰው ነው፤ ከባሕር ዳር በመኪና ሲመጣ መንገዱ አንጀቱን አውጥቶት ነበር። ስልኩን ተቀብሎ ተኮሰና አቆሰለ። ዱካ መከተል ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ነቀነቀው።

«ተበላሸ?»

«አልተበላሸም» አለች ማስተዋል። «እየፈለጉ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያገኟት» አልኩ እኔ።

ዞሮ አየኝ። «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?»

«አማካሪያችን ናቸው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። በትሕትና ነው የተናገረኝ። «አባቴ፣ በስልክ የሞተች ድኩላ የለችም። ልጆች እውነተኛዋን ከሚያሳድዱ ይሄኛዋን ቢያሳድዱ አይሻልም? እዚህ ዱካ ላይ ካሰለቸናቸው ደግሞ አጥፍተው ሌላ ይከፍታሉ።» ስካውት ሳለሁ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከሚወርድ ስልክ ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ ስንት ቁልቁለት በቀረልኝ። እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም።

ለማስተዋል ግን ቁርጡን ነገራት። ፍለጋው ይውጣ። ነብር ይግባ፤ እሱን ለገደለ ከፍተኛው ነጥብ ይሰጥ። ካልሆነ ውል የለም። አንድ ሳምንት ሰጣትና ሄደ።

ውል ከሌለ ክፍሏም የለችም። ይትባረክ ለቀን ሥራ ወደ መተማ እንደሚሄድ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ማስተዋል ደግሞ አባቷ «ሁለት ዓመት አሻንጉሊት ስትሠሪ ከረምሽ፤ በቃ ነይ፣ ባል ተገኝቷል» ብለዋታል።

በዚያው ቀን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስለ ከርከሮው ተከራክረው ተዉት። ስለ ጾሙ ተከራክረው ተዉት። ይቺን ፍለጋ ግን ምን አድርጋዎት ነው የማይተዋት? ምክንያት ካለዎት ይንገሩኝና ልከራከርላት። ከሌለዎት ደግሞ ልሰርዛት፤ እንጀራችን ነው።»

እውነቷን ነው። የሁለት ልጆች እንጀራ ይዤ እልህ የምጋባ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

ሞላ የሚባል ጎረቤት አለኝ። በወጣትነታችን ወንፈል ነበርን፤ አንድ ቀን የእኔን ያጭዳል፣ ሌላ ቀን እኔ የእሱን አጭዳለሁ። የእኔን ገብስ አጭዶልኝ ተራው የእሱ ሆነ። እኔ ማጭድ ይዤ በመሄድ ፈንታ ምንሽር ይዤ ሄድኩ፤ «ዝንጀሮ ልጠብቅላችሁ» ብዬ። ከማሳው በላይ ካለው ገደል ጫፍ ላይ ቆሜ ማዶ ድኩላ አየሁ። ሮጬ እንደማልደርስባት አውቃለሁ። ነገር ግን አጫጆቹ ሁሉ ቀና ብለው እያዩኝ ነው። ተኮስኩ።

ሆዷን መታኋት። ፎክሬ ልጨርስ ስል ተነሥታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ሞላ ማጭዱን አስቀምጦ ወረደ። አብረን ተከተልናት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ጉልበቴ ደኅና ነበር፤ ራበኝ። እኔ ቤቴ ገባሁ፤ ሞላ ቀጠለ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከገደሉ ሥር ካለ አንድ ስርጥ ውስጥ አገኛት። ነፍሷ አልወጣችም ነበር። ባረካትና ተሸክሞ መጣ፤ አንድ እግሯን ደጃፌ ላይ አስቀመጠ። ሰው ሁሉ «ፈንታ ያን ያህል ርቀት መታ!» አለ። ሞላ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሥጋውን በላሁ። ሞላ ድኩላ ሲፈልግ በዋለበት ቀን ያለ ጊዜው ዝናብ ወርዶ ያልታጨደውን ገብሱን መሬት ላይ አስተኝቶበት ነበር።

ይትባረክ አፉን ከፈተ፤ ያቺን ቃል ሊላት መሰለኝ። አላላትም።

«ሌሊቱን ሙሉ ስርጥ ውስጥ…» አለ።

«አዎ» አልኩት። «ከሜሞሪ አልወጣችም።»

ማስተዋል ወዲያው ስልኳን አንሥታ ለደንበኛው ደወለች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ተከራከሩ። ያገኘችው ይህን ነው፤ ፍለጋው አይሰረዝም፤ ሴቲንግ ውስጥ ይቀመጣል፤ የፈለገ ያበራዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ነብሩ ግን ገባ። በእሱ ተሸነፍኩ። ደመወዝ እየበላሁ ስጠብቀው የኖርኩት ነብር አሁን ትልቁ ነጥብ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ውሉ ተፈረመ። ይትባረክ መተማ አልሄደም። ማስተዋልም ባሏን ራሷ እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረች። ፍለጋውን የሚያበራ ሰው ጥቂት ነው ይሉኛል። የሚያበራ ሰው ካለ ግን፣ ተጫዋቹ ዱካ ሲጠፋበት ከላይ ከገብስ ማሳ አንድ ማጭድ የያዘ ሰው ይወርድና ከፊቱ ይሄዳል። ስሙ ሞላ ነው። የማስተዋል ሐሳብ ነበር፤ እኔ ስሙን ብቻ ፈቀድኩ፤ እሱንም የስሙን ባለቤት ሳልጠይቅ።

ስለዚህ ስልኩን ይዤ ሞላ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጦ ቆዳ ያለፋል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ለልጆቹ ምን እንዳወራሁ፣ ስለ ጉልበቴም። ስልኩን አቅርቦ አርቆ አየ።

«ይሄ ወፍራም ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«ማጭዱን በግራ አስያዛችሁኝ።»

«ይስተካከላል። ጌም ነው እኮ» አልኩት፤ ምላሴን በነከስኩት።

ስልኩን እንደገና አቀረበው። «እሱ ያገኛታል?»

«ያገኛታል።»

«አንተስ የት ነህ?»

«እኔ ቤቴ ገብቻለሁ።»

ሞላ ሳቀ። ቆዳው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «እንግዲያስ አውሬውንም አገሩንም ሰውንም በትክክል ሠርታችሁታል» አለ።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ይህን ነው። ሮጠህ የማትደርስበትን አትተኩስ። ያቆሰልከውን ፈልገህ አግኝ። በስልክም ቢሆን።

ልወጣ ስነሣ ሞላ «ገብሱ ደርሷል፤ ሰኞ እናጭዳለን» አለኝ። «ያቺን የአንድ ቀን ወንፈል አልረሳኋትም።» ማጭድም ስሎልኛል። ጉልበቴን ግን ከክረምት ጀምሮ በእውነት ያመኛል፤ ይህን ለሞላ በየትኛው አፌ እንደምነግረው አላውቅም። አንድ ቀን አጨዳ አለብኝ።