«ጥገና ጠይቃ አታውቅም»

ግሌኒስ፣ ሃል በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ውስጥ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስታበስል ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። የኖረችበትን ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ስለሆነ ልቀቂ ተባለች። ሌላ ቤት ለመከራየት ስትጠይቅ ደግሞ የኪራይ ቢሮ አጣሪዎች ደመወዟን፣ ባንኳንና ብድሯን እንደ ሌባ ጓዳ በረበሩት። ምንም እንከን አላገኙባትም። የቀረው የድሮው አከራይዋ ምስክርነት ብቻ ነበር።

ሪስ የሚባለው የኪራይ ቢሮው ጎረምሳ ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበላት። «ግሩም ተከራይ ናት። የኪራይ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ጥገና ጠይቃ አታውቅም። » ከዚያ ቀና አለላት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ማጣሪያውን አልፈዋል!»

ግሌኒስ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ምን? ውሸታም! ብርድ በገባ ቁጥር ስደውልለት ኖሬ! የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ሻግቶ ሳል ሲገድለኝ፣ ‹መስኮት ክፈቺ› ነበር የሚለኝ! አርመው፣ እውነቱን ጻፍ!»

ሪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተዉት፣ እማማ። ይህን ከጻፍኩ ቤቱን ያጡታል። አዲሱ አከራይ ከሁሉም የወደደው እኮ ‹ጥገና ጠይቃ አታውቅም› የምትለዋን ቃል ነው።»

«ለምን ወደዳት?»

ሪስ ዓይኑን አሸሸ። «አዲሱ ቤትማ ምንም አይልም፤ ግድግዳውም አሁን ቀለም ተቀብቷል። ብቻ ብርድ ሲገባ መስኮቱን ከፈት ማድረግ ነው።»

ግሌኒስ ቦርሳዋን መንጭቃ ተነሳች። የቢሮውን በር ወለል አድርጋ ስትከፍተው የጥር ነፋስ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ በተነው።

«ይኸው፣ ከፈትኩልህ!» አለችና ሳትዘጋው ሄደች።