የኮሎኔል ታፈሰ የክርስትና ስም

ለእርሱ ዘመን የማይቆጠርለት፣ የእኛን ግን ቆጥሮ ለዚህች ዕለት ያደረሰን አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አንድ አምላክ ስሙ ይመስገን። ባለፈው እሑድ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ወጣት አስቆመኝና በስልኩ የጻፈውን የአያቱን የሕይወት ታሪክ አሳየኝ። አያቱ መኮንን ነበሩ። «አባታችን፣ ማዕረጋቸው ላይ ቤተሰቡ አልተስማማም፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ሳላስበው በረጅሙ ተነፈስኩ። ልጁ ምን አጠፋሁ ብሎ ደነገጠ። እርሱ ምንም አላጠፋም፤ የማዕረግ ክርክር በሰማሁ ቁጥር አንድ የነሐሴ ጠዋት ትዝ እያለኝ ነው።

ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነበር። እኔ ገርጂ ተከራይቼ የምኖር፣ ለሰፈሩ ልጆች ዳዊት የማስተምር ወጣት ዲያቆን ነበርኩ። ጎረቤቴ ኮሎኔል ታፈሰ በቀድሞው ሠራዊት ሠላሳ ዓመት አገልግለው፣ መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። የሚሄዱበት መሥሪያ ቤት ሳይኖር በየማለዳው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው እስከ ቦሌ መንገድ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ ነበር። ስለ ጦርነት ሲያወሩ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ምሽት ዐረፉ። ቀብሩ በማግሥቱ፣ ቅዳሴ ሳይገባ በአምስት ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ገና በማለዳ የሟች ሚስታቸው ወንድም አቶ ክፍሌ አስጠሩኝና የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ሌተና ኮሎኔል ብለህ እንዳታዋርደን! ሙሉ ኮሎኔል ናቸው» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ከሚዘግኑት ሁለት የቀድሞ ባልደረቦቻቸው አንዱ ሰማ። «የሹመቱ ደብዳቤ ሳይደርሳቸው እኮ ነው መንግሥት የተለወጠው» አለ።

«ደርሷል!» አለ ሁለተኛው።

«አልደረሰም! ጽሕፈት ቤት የነበርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

የመጀመሪያውን ገጽ አራት ጊዜ ጻፍኩት። የየጦር ግንባሩን ስም፣ የየሜዳሊያውን ዓይነት እየተነጣጠቁ አስጻፉኝ። በመጨረሻ «የክርስትና ስማቸውስ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቅ አልተገኘም።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሟች በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው በጥምቀት በተሰጠው ስም ነው፤ ማዕረግ እዚያ አይገባም። ኮሎኔሉ ግን በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸው ሞተውባቸው በጦር ሰፈር ያደጉ ናቸው። በኋላም መኮንንን የክርስትና ስሙን መጠየቅ የማያዋጣበት ዘመን መጣ። ያውቁ የነበሩት ሚስታቸውና የንስሐ አባታቸው ደግሞ ቀድመዋቸው ሄደዋል።

አንዲት ልጃቸው ሰናይት ቀና አለች። «ጋሼ ሰይድን ጠይቁልኝ። አባባ በየሳምንቱ ላምበረት እየሄደ የሚጠይቀው እሱን ነው። አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ።»

«ባለሱቁን?» አሉ አቶ ክፍሌ። «እስላም የክርስትና ስም ከየት ያውቃል? ይልቅ ማዕረጉን ጨርሱ!»

«መሞቱንም አልነገራችሁትም» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «አባቴ ያለ ስም አፈር አይገባም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከአቶ ክፍሌ ጋር ነበርኩ። የሄድኩት ልጅቱ አሳዝናኝ ነው። ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ከአንዱ ታክሲ ወደ ሌላው እየተጋፋሁ፣ በየመንገዱ ዳር የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ሽታ የጾመ ሆዴን እየፈተነው፣ በከንቱ የሚያለፋኝን ሰው ሁሉ እያማረርኩ ላምበረት ደረስኩ።

ሃምሳ አለቃ ሰይድ ከታክሲ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለች ሱቃቸው ስኳር ይመዝኑ ነበር። ነገርኳቸው። ሚዛኑን ለቀው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«መቼ?»

«ትናንት ማታ።»

«እስካሁን ምነው ሳትነግሩኝ?»

እያፈርኩ የመጣሁበትን ጠየቅኋቸው።

«ገብረ ሕይወት» አሉ ወዲያው። ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ወጡ። ታክሲ ውስጥ ቀስ ብለው አጫወቱኝ። «ሆዱን ቆስሎ ሁለት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ተኛን። ‹ሰይድ፣ ከሞትኩ ለቄሶቹ ገብረ ሕይወት ብለህ ንገርልኝ› አለኝ። እኔም ‹ጌታዬ፣ እኔ ከቀደምኩ ፊቴን ወደ ቂብላ አዙረህ ቅበረኝ› አልኩት። ወላሂ፣ እንዳልረሳው ሱቅ ስከፍት ሁልጊዜ አንዴ በልቤ እለዋለሁ።»

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስሙን ለካህኑ ነገርኩ፤ ፍትሐቱ ተጀመረ። ሰይድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ዝናብ እየመታቸው ቆመው ጠበቁ። ስወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ጠሩት?»

«ጠሯቸው።»

«በትክክል?»

«ገብረ ሕይወት ብለው፤ ደጋግመው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። ከዚያ የሕይወት ታሪኩን ለማንበብ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። «ኮሎኔል ታፈሰ» ከማለቴ ከኋላዬ አቶ ክፍሌ «ሙሉ በል!» አሉ፤ አንዱ ባልደረባ አጉረመረመ፤ የቀረውን በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ዋጠው።

እነዚያን ሰዎች ከተቀየምኳቸው ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሁን ግን ዕድሜዬ ሲገፋ ብስጭቴ ወደ ራሴ ዞሯል። ባነበብኩት ሦስት ገጽ ውስጥ ጄኔራሎች ተጠርተዋል፣ አውራጃዎች ተጠርተዋል፤ ሰይድ የሚል ስም የለም። ማንም አውጣው አላለኝም። ከበሩ ውጭ ቆመው ትቻቸው ገብቼ፣ እስክሪብቶዬም በኪሴ እያለ፣ አንድ መስመር መጨመር ትዝ አላለኝም።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግ። አደራችሁን የማይረሳ ወዳጅ አያሳጣችሁ፤ እርሱ በደጅ ሲቆምም የምታዩበትን ዐይን ይስጣችሁ። አሜን።