የካሎው ሣር

አባቴ ለጦርነት ከወጣ ወዲህ እናቴ አሰላ ያለውን ቤታችንን ቀርቅራ ተኝታ አታውቅም። «ድንገት ቢመጣ በገዛ ቤቱ ያንኳኳ እንዴ?» ትለኛለች። አንዱ ጓደኛው ዲክሲስ ሜዳ ላይ በጥይት ሲወድቅ አየሁት ብሎ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ጣሊያን ማርኮ ሲወስደው አየሁ አለ። እሷ የሁለተኛውን ይዛ ቀረች። ዘመድ ተዝካሩን አውጪ ሲላት፣ «በቁሙ ልቅበረው?» ብላ ታባርራለች። እኔ እንኳ መሮኝ ነበር፤ መቼም ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ሞተም አለም፣ ቁርጡን ማወቅ ፈለግሁ።

አድጌ ካገባሁ በኋላ፣ ዲክሲስ በኩል መንገድ ሊጠረግ ነው፣ አንድ ወታደርም የተቀበረ ብረት በሚያሸት መሣሪያ ፈንጂ እየፈለገ ነው ሲባል ሰማሁ። እናቴን በግድ ይዣት ሄድኩ።

ሜዳው የአንድ አርሲ ሽማግሌ ካሎ ነበር፤ ለጥጆቹ ከልሎ ያቆየው ሣር። ወታደሩ ዶማ ሲያነሳ ሽማግሌው ጮኸ። «ተው! ጉድጓድ ትተህልኝ ሂድና ክረምት ሲገባ ጥጃዬ እግሩን ይስበር?» ከወታደሩ አካፋ ተቀብሎ ሣሩን ከነሥሩ በሦስት በኩል ቆረጠና፣ አራተኛውን ጎን ሳይነካ እንደ መዝጊያ ገለበጠው። አፈሩ ጆንያ ላይ ይወጣል፤ ሲያበቃ ተመልሶ ይገባል፤ ሣሩ ይከደናል፣ በእግር ይረገጣል፣ ውኃ ይጠጣል።

መሣሪያው አፏጨ፤ የፈረስ ጫማ ወጣ። እናቴ «እሰይ!» አለች። ሌላ ቦታ አፏጨ፤ የጣሊያን ቆርቆሮ። «እሰይ፣ የኔ ጌታ!» ሣሩን ራሷ እየከደነች በደስታ ትረግጠዋለች። ሠርግ የመጣች ነው የምትመስለው። ኤዲያ! አንጀቴ አረረ።

ሜዳው ዳር ካለ ዋርካ ሥር እንደገና አፏጨ። ወታደሩ አፈሩን በእጁ ጠርጎ የዝናር ዘለበት አወጣ። ምላሱ የተጣመመ ሚስማር ነው። እናቴ እሰይ አላለችም። የተሰበረውን ምላስ አውጥታ ያን ሚስማር የተካችበት እሷ ናት፤ አባቴ ሊሄድ ሲል፣ ዝናሩን ወገቡ ላይ እያጠበቀችለት። ወታደሩ ትንሽ ጠረግ ሲያደርግ አጥንት ታየ።

«ካህን እስኪመጣ አልብሱት» አለች።

ዘለበቱን መልሳ አስቀመጠችው። አፈሩን በእፍኟ መለሰች። ሣሩን ልትከድን ብትሞክር ጠርዙ አልገጥም አላት። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ከጎኗ ተንበረከከና ገጠመላት። ይህን ግን ማንም አልረገጠውም።

«አላህ ያጽናሽ፣ አዴ» አላት።

ቁርጡን ሳውቅ እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ምን እፎይ አለ! አባቴ ለካስ እስከዚያች ቀን ድረስ በሕይወት ነበረ።

አሰላ ስንደርስ መሽቷል። ቀድማኝ ገባችና በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን ያዘች። ስንት ዘመን ሳይነካ ኖሮ ዝጓል፣ እምቢ አላት። በመዳፏ እየመታች አስገባችው።