የአባቴ ጆሮ

የደረቀ ጀንፈል በሰው መዳፍ ውስጥ ሲወዘወዝ የሚያሰማው ኮሽ ኮሽ ዛሬም ሥራዬን ያስጥለኛል። ሌላው ሰው ቡና ሲደርቅለት ደስ ይለዋል፤ እኔ ቀና ብዬ ሰማይ አያለሁ።

ቤታችን ሸዋ ቤንች ከተማ ዳር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ቡናው ሲቀላ ለቅመን፣ ከነልጣጩ ጀንፈል ሆኖ እስኪደርቅ ጓሯችን ባለው የቀርከሃ አልጋ ላይ እናሰጣው ነበር፣ እኔም ፍየልና ዝናብ ጠብቅ እየተባልኩ ከትምህርት ቤት እቀር ነበር። እንዲህ እየቀረሁ ነው ፊደል ሳልቆጥር ጢም ያወጣሁት። አባቴ የቡናውን መድረቅ የሚያውቀው በጆሮው ነበር፤ ከአልጋው አንድ ጭብጥ አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዘውዝና «ይቀረዋል» ወይም «በቃው» ይል ነበር። ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸውን በሳፋ ይዘው ይመጡ ነበር፣ እሱ ሳይሰማው ጆንያ የሚሰፋ አልነበረም።

አንድ ዓመት፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ቅዳሜ ዕለት ወዝውዞ «በቃው» አለ።

«ሰኞ እንጭናለን። ነገ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንተ ጠብቅ፣ ደመና ካየህ ላስቲኩን አልብሰው።»

እሁድ እነሱ ሲወጡ እኔ ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ፤ ውሸት ነው፣ ደመናውን አይቼዋለሁ። ዝናቡ የቪዲዮ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሮጬ ደርሼ ላስቲኩን ባለብሰውም፣ ከቤቱ ክዳን ሥር ያልገባው የአልጋው ጫፍ ርሶ ነበር። አባቴ ሲመለስ «አለበስከው?» አለኝ፣ «አዎ አባዬ» አልኩት። ሰኞ ጠዋት እሱ መኪና ሊፈልግ ሲወጣ፣ እርጥቡን ሁለት ጆንያ ውስጥ ታች ጠቅጥቄ ደረቁን ከላይ ሞላሁበት።

ሚዛን ተፈሪ ስንደርስ፣ ገዢው ግቢ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ሹል ብረት ጆንያው ሥር ሰክቶ ጀንፈል አወጣ፣ ፈለፈለና እርጥበት የሚለካ ማሽን ውስጥ ጨመረው። እንዲህ ያለ ማሽን ስናይ የመጀመሪያችን ነበር።

«እርጥብ ነው፣ አባት።»

«ምኑ? ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ እኮ!»

«በጆሮ?»

ሰልፍ የያዘው ሁሉ ሳቀ። «ጋሽ በቀለ፣ ቡናውን ተወውና ጆሮህን አስለካው!» አለ፣ ያውም በየዓመቱ ሳፋ ይዞ ደጃችን የሚቆመው ጎረቤታችን።

አባቴ ትከሻዬን ይዞ ፊት ለፊታቸው አቆመኝ። «ይኸው ምስክሬ፣ ጠብታ አልነካውም። ንገራቸው!» ሁሉም እኔን አዩኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ቡናውን መልሰን ይዘን መጣን። በጋውን ሙሉ አባቴ «ማሽኑ ዋሽቷል» ሲል ከረመ። አንድ ቀን ጎረቤት ተከራይቶ የሚኖር አስተማሪ ቤታችን መጥቶ፣ «ጋሽ በቀለ፣ ሁላችንም ማሽኑን ከተቀበልን እውነቱ እሱ ያለው ነው። ሰው ካወቀው ውጭ ሌላ እውነት ከየት ይመጣል?» አለው።

አባቴ ተቆጣ። «እና ሰው ሁሉ ተኝቶ የዘነበ ዝናብ አልዘነበም ልትለኝ ነው?»

ዝናብ የሚለውን ቃል ስሰማ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በቀጣዩ ዓመት ቡናው ሲሰጣ ሳፋ ይዞ የመጣ ጎረቤት አልነበረም። አባቴ ብቻውን አልጋው አጠገብ ቆሞ ረጅም ጊዜ ወዘወዘ፣ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ጭብጡን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እስቲ አንተ ስማው። የእኔ ጆሮ ሳያታልለኝ አይቀርም።»

የዚያን እሁድ ነገር አፌ ላይ አድርሼው «በቃው» ብቻ አልኩ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ እኔን ሳይጠይቅ አንድም ጆንያ አላሰረም።

ማንበብ የቻልኩት የልጆች አባት ከሆንኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አሁን የማሽኑን ቁጥር ራሴ አነባለሁ፤ አይዋሽም፣ ያኔም አልዋሸም። አባቴም አልተሳሳተም፣ ያ ቡና ቅዳሜ ዕለት ደርቆ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፣ አስተማሪው እንዳለው ከሆነ ደግሞ እኔ ስቀበር አብሮኝ ሊቀበር ነው፤ ለዚያ ነው የጻፍኩት። ያኔ መንደሩ ሁሉ የአንድ ሰው ጆሮ ይጠብቅ ነበር፣ ዛሬ ጀንፈል ወደ ጆሮው የሚያስጠጋ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ ልጆቼም «ማሽን እያለ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እወዘውዛለሁ፣ መድረቁን እሰማለሁ፣ ከዚያ ላስቲኩን ራሴ አለብሰዋለሁ።