«ማን አየው»ን ያየችው ሐኪም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የገብስ አጨዳ ሰሞን ነው። የአባቴ ውሻ ስም በተጠራ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ይጠራል ደግሞ፣ በቀን አሥር ጊዜ።

ስሙ «ማን አየው» ነው። አባቴ ይህን ስም ያወጣለት ለወሰንተኛው ብሎ ነው። ሰውዬው ድንበር ገፍቶ «ማን አየው?» ብሎ ካደ። በኛ አገር ደግሞ ፊት ለፊት ያልተባለ ነገር በውሻ ስም ይባላል። እናቴ ካረፈች ወዲህ የአባቴ ጓደኛም የበጎቹ ጠባቂም ይኸው ውሻ ነው።

ታዲያ አንገቱ ላይ፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ እጢ ወጣበት። ባቄላ ያህል የነበረው ለአጨዳ እንቁላል አከለ። ሥሩ ቀጭን ነበርና አባቴ «በፈረስ ጭራ ጥብቅ አድርገን ብናስረው ደርቆ ይወድቃል» አለ። ልጅ ሳለሁ የእጄን ኪንታሮት የጣለልኝ እንደዚያ አስሮ ስለሆነ አመንኩት። ጭራውን ፈትሎ ኪሱ ከተተ።

እኔ ደባርቅ ባጃጅ ነው የምሠራው። ለላሞች ምርመራ ወደ ከተማው የመጣች የእንስሳት ሐኪም እንዳለች ከተሳፋሪ ሰምቼ ነበርና «እስኪ መጀመሪያ እናሳያት» ብዬ ሁለቱንም አሳፈርኳቸው። አባቴ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ያበጠውን ላጭታ ቅባት ቀባችና የላም እርግዝና የምታይበትን ማሽን አወጣች። አባቴ ደነገጠ።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ወንድ እኮ ነው! ምኑ ነው የሚረገዝ?»

በሳቅ ሞተች። «አውቃለሁ አባባ፤ የደም ሥሩን ልይ ብዬ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነገር ይርገበገብ ጀመር። «ሰማያዊ ደም አለው እንዴ?» አልኩ ፈርቼ። ቀለሙ የማሽኑ መሆኑን ነገረችኝ፤ ደሙ ወደ መሣሪያው ሲመጣ ቀይ፣ ሲርቅ ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ አንድ ወፍራም መስመር ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ።

«ይቺን አዩዋት አባባ? እጢውን የምትመግበው ይቺ ናት። ከአንገቱ ትልቅ የደም ሥር ነው የተነሳችው።»

አባቴ ጭራውን ከኪሱ አወጣ። «በዚች ብናስረውስ?»

«እጢው የተበጠሰ ዕለት ደሙን ማን ያቆመዋል?» አለችው በቀስታ።

አባቴ ጭራውን መልሶ ኪሱ ከተተው።

በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ፣ ያቺ የደም ሥርና ሌላ ትንሽ ባሉበት፣ ሁለት ቦታ ምልክት አደረገች። በማግስቱ ጠዋት በመርፌ አስተኝታው፣ በምልክቶቹ ላይ ቆዳውን ሰንጥቃ መጀመሪያ የደም ሥሮቹን ቋጠረች፤ እጢውን የቆረጠችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የደም ጎርፍ ስጠብቅ ፋሻው እንኳ በቅጡ አልራሰም። እንዲህ ያለ የረጋ እጅ አይቼ አላውቅም።

ተመልሶ ሊያብጥ ስለሚችል አሁንም እየወሰድን እናሳያታለን። አንድ ቋጠሮ ነበር የቀረን፤ የምንወደውን በገዛ እጃችን ልንገድለው!

ወሰንተኛችን የውሻው ስም ሲጠራ እስከ ዛሬ ፊቱን ያዞራል። አባቴ ግን ቂሙን ረስቶታል። ደጃፉ ቆሞ «ማን አየው!» ብሎ ይጣራል፤ ውሻው እየሮጠ ሲመጣ ጠባሳውን እየዳበሰ ለራሱ ይመልሳል፦

«ያቺ ሐኪም ናታ!»